ያረጀ የፐርል ሐብል፦ ምንነቱንና ዋጋውን ስለመለየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ከእናት ወይም ከአያት የተወረሰ፣ ዘመድ ከጅዳ ወይም ከቤሩት ያመጣው የፐርል (ሉል) ሐብል በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አይጠፋም። ወርቅ ቤት ሲወሰድ ግን ብዙ ጊዜ የሚመዘነው መቆለፊያው ብቻ ነው፤ ፍሬዎቹን የሚመለከት የለም። ባለቤቱ ራሱ በቤቱ ሊያየውና ሊለካው የሚችለው ነገር ብዙ ስለሆነ፣ ከታች ያሉት መልሶች ሐብሉ ሳይበላሽ እስከየት መድረስ እንደሚቻል ያሳያሉ።

እውነተኛ ፐርል ይሁን አርቴፊሻል ቤት ውስጥ በምን ልለየው?

መጀመሪያ በዓይን ነው። ሐብሉን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። የእውነተኛ ፐርል ፍሬዎች መንትያ አይሆኑም። አንዱ ወደ ክሬም፣ ሌላው ወደ ሮዝ ያዘነብላል፤ አንዱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ፣ ሌላው ላይ እብጠት ወይም የቀለበት መስመር ይኖራል። ሁሉም ፍሬዎች በቀለምም በቅርጽም አንድ ከሆኑና አንዲት ነቁጥ እንኳ ከታጣ አርቴፊሻል ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ሚዛን ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ለዚህ በጣም ይመቻል። 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ፍሬው 7 ሚሊ ሜትር የሆነና በየመሐሉ የተቋጠረ ሐብል 58 ያህል ፍሬ ይይዛል፤ መቆለፊያው ሳይቆጠር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው ሐብል ፕላስቲክ ቢሆን ከ11 እስከ 13 ግራም ብቻ ነበር። ስለዚህ ሚዛን ፕላስቲክን ወዲያው ያጋልጣል። ብርጭቆን ግን አያጋልጥም፤ ድፍን ብርጭቆ ወደ 26 ግራም ስለሚመጣ ከእውነተኛው ጋር ይቀራረባል። «ከበድ ይላል፣ ሲነኩትም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እውነተኛ ነው» የሚለው አባባል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥርስ ላይ ማሸት ይሠራል?

በመጠኑ ይሠራል። የእውነተኛ ፐርል ገጽ ናክር የሚባል፣ እጅግ ስስ የሆኑ የካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊቶች ተደራርበው የሚሠሩት ልባስ ነው። የእያንዳንዱ ቅርፊት ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ በግማሽ ያነሰ ነው። የቅርፊቶቹ ጠርዝ ጥርስ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል፤ ቀለም የተቀባ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ግን ይንሸራተታል። ከጥርስ ይልቅ ሁለት ፍሬዎችን እርስ በርስ ቀስ አድርጎ ማሸት ይሻላል፤ ስሜቱ ያው ነው፣ ለጤናም ይሻላል። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ያድርጉት፤ የሚወጣውን ነጭ ብናኝ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ።

በዚህ ብቻ ግን አይፍረዱ። ሆን ተብሎ ሻካራ ተደርጎ የተሠራ አርቴፊሻል አለ፤ በደንብ የተወለወለ እውነተኛ ፐርልም ለስላሳ ሊሆን ይችላል።

በእሳት፣ በምላጭ ወይም በሎሚ ብፈትነውስ?

አያድርጉት። እሳት እውነተኛውን ፐርል ያጠቁረዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ምላጭ ሁለቱንም ይቧጭራል። ሎሚና ኮምጣጤ ደግሞ ናክሩን ይበሉታል። ፈተናው «እውነተኛ ነው» የሚል መልስ የሚሰጠው ንብረቱን አበላሽቶ ነው።

ታዲያ አስተማማኙ ቦታ የቱ ነው?

ቀዳዳው። ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ የፐርሉ ውስጥ የሚታይበት ብቸኛ ቦታ ነው። ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ሉፕ ይዋሱ፤ ካልተገኘ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ በማክሮ ይጠቅማል። ክሩ የላላበትን ቦታ ፈልገው ሁለቱን ፍሬዎች ቀስ አድርገው ያራርቁና ከጎን መብራት ያብሩበት። ከመቆለፊያው አጠገብ ያሉትን ፍሬዎች ማየት አይርሱ፤ ብዙ የሚሻሹት እነሱ ስለሆኑ ምስጢሩ ቀድሞ የሚወጣው እዚያ ነው።

አርቴፊሻል ከሆነ የቀዳዳው ከንፈር ላይ ቀለሙ እንደ ቀጭን ቆዳ ተቆርጦ፣ ተሰብስቦ ወይም ተልጦ ይታያል። ከሥሩ የሚወጣው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብርጭቆ ወይም ገረጣ ያለ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዴ ቀለሙ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ፈስሶ ትንሽ ጠብታ ሠርቶ ደርቆ ይገኛል።

በእርባታ የተገኘ፣ ማለትም ሰው በሚያረባው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ውስጥ ያደገ ፐርል ከሆነ የቀዳዳው ጠርዝ ስል ሆኖ ይቆረጣል። ወደ ውስጥ ሲያዩ መጀመሪያ የናክሩ ልባስ፣ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለች ቀጭን መስመር፣ ከዚያ ነጣ ያለ ድፍን ኳስ ይታያል። ኳሱ አርቢው ከሌላ ዛጎል አስቀርጾ እንስሳው ውስጥ የከተተው ነው። የናክሩ ውፍረት የሚታየውም እዚሁ ነው፤ 0.4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እንደ ወረቀት ከሳሳ ግን ድምቀቱ አይቆይም፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ፦ እውነተኛ ፐርልም ይላጣል። ናክሩ ስስ የሆነ የእርባታ ፐርል በላብና በሽቶ ብዛት ይቆረሳል፤ ባለቤቱም «ተላጠ፣ አርቴ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ከመጣልዎ በፊት ቁርሱን ይዩ። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ ከሆነና ከሥሩ የወጣው ብልጭታ የሌለው ነጭ ዛጎል ከሆነ ፐርል ነው። ልባሱ እንደ ጥፍር ቀለም በአንድ ቆዳ ተነሥቶ ከሥሩ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ከወጣ አርቴፊሻል ነው።

በስልክ ባትሪ ማየትስ ይረዳል?

ይረዳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልኩን መብራት ከፍሬው ሥር አድርገው ፍሬውን ቀስ ብለው ያዙሩት። ውስጡ የዛጎል ኳስ ካለ ትይዩ የሆኑ ጥላማ መስመሮች ይታያሉ፤ ሲያዞሩት ብልጭ ድርግም የሚልም አለ። ይህ በይበልጥ የሚታየው ናክሩ ስስ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ መስመሩ አለመታየቱ ጥሩ ምልክትም ሊሆን ይችላል። የዛጎል ኳስ ላይ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ አርቴፊሻልም ያንኑ መስመር ስለሚያሳይ መልሰው ቀዳዳውን ማየት አለብዎት።

ቤተሰቡ «ከቀይ ባሕር የወጣ የተፈጥሮ ፐርል ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል። የዳህላክ ደሴቶችና ምጽዋ ከጥንት ጀምሮ ፐርል የሚወጣባቸው ነበሩ፤ ባሕሬንም እንዲሁ። ነገር ግን በቤተሰብ ቃል ብቻ ዋጋ አይቆረጥም። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ኮኪቺ በእርባታ ግማሽ ክብ ፐርል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ ክቡ የእርባታ ፐርል ገበያውን የወረረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1912 ዓ.ም. በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መገዛቱ በሰነድ ወይም በፎቶ የተረጋገጠ ሐብል የተፈጥሮ ነው ወይም አርቴፊሻል ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ከሆነ ደግሞ በእርባታ የተገኘ የመሆን ዕድሉ እጅግ ያመዝናል።

የተፈጥሮ ሊሆን ይችላል የሚያሰኙ ምልክቶች አሉ። ፍሬዎቹ በብዛት ትንንሽ ሆነው ከመሐል ወደ ጫፍ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ክብነታቸው ሙሉ አይደለም፤ ቀዳዳቸው በጣም ጠባብ ነው። የተፈጥሮ ፐርል በክብደት ስለሚሸጥ በዚያ ዘመን የሚበሱት ሰዎች ክብደቱ እንዳይጎድል በቀጭኑ ይበሱት ነበር። ምልክት ግን ማስረጃ አይደለም። የተፈጥሮውን ከእርባታው በእርግጠኝነት የሚለየው በከበሩ ድንጋዮች ላብራቶሪ የሚደረግ የራጅ ምርመራ ነው። በባሕሬን ዳናት፣ በስዊዘርላንድ ኤስ.ኤስ.ኢ.ኤፍ. እና ጉበሊን፣ እንዲሁም ጂ.አይ.ኤ. ይህን የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ምርመራውም መላኪያውም ወጪ ስላለው፣ በቀዳዳው ላይ የዛጎል ኳስ በግልጽ ያዩበትን ሐብል አይላኩ።

ሐብሉ የስንት ዘመን እንደሆነ ከምን ይታወቃል?

በመቆለፊያው ይጀምሩ፤ በመቆለፊያው ብቻ ግን አይጨርሱ፣ ሊቀየር ይችላልና። ጀርባውንና ምላሱን በሉፕ ያንብቡ። 750 ከተጻፈ 18 ካራት፣ 585 ከሆነ 14፣ 375 ከሆነ 9 ካራት ወርቅ ነው፤ 925 ብር ነው። ኬ የምትለው የላቲን ፊደል ከቁጥሩ ቀድማ «ኬ 14» ወይም «ኬ 18» ተብሎ ከተጻፈ የጃፓን ልማድ ነው። በዛጎል ቅርጽ ውስጥ የተቀረጸ ኤም ፊደል የሚኪሞቶ ምልክት ነው። ይህ ምልክት በብዛት ስለሚኮረጅ ቅርጹ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ከፍሬዎቹ ጥራትም ጋር መሄዱን ይመልከቱ። ደብዛዛ ፍሬ ላይ የተንጠለጠለ የሚኪሞቶ መቆለፊያ በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

ፍሬዎቹም ዘመን ይናገራሉ። መሐሉ ትልቅ፣ ጫፎቹ ትንሽ የሆነ ድርድር ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በጣም የተለመደ ነበር። ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ አኮያ የሚባለው የጃፓን ፐርል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ በብዛት ለውጭ ገበያ ይቀርብ ነበር፤ የእናቶቻችን ዘመን ሐብል እውነተኛ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። እንደ ሩዝ ፍሬ ሞላላና የተጨማደደ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ ከቻይና የወጣ የጣፋጭ ውኃ (ጨዋማ ያልሆነ የሐይቅና የወንዝ ውኃ) ፐርል ነው።

በየፍሬው መሐል ቋጠሮ መኖሩ ጥሩ የእጅ ሥራ ምልክት ነው እንጂ የእውነተኛነት ማረጋገጫ አይደለም። ማዮርካ ደሴት ላይ የሚሠራው የስፔኑ ማዮሪካ ብርጭቆ ነው፤ ሆኖም በደንብ ተቋጥሮ፣ የብር መቆለፊያ ተደርጎለት ይሸጣል።

ወርቅ ቤት ስወስደው ምን ልጠንቀቅ?

ሦስት ነገር ያሠጋል። አንደኛው አሲድ ነው። ወርቅ ሠሪው የመቆለፊያውን ካራት የሚፈትነው በአሲድ ነው፤ አንዲት ጠብታ ፐርል ላይ ብታርፍ ገጹን ታጠፋዋለች። መቆለፊያውን መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ አሲዱን ድንጋዩ ላይ ብቻ እንዲያደርግ ይጠይቁ፤ ፍሬዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ከጠረጴዛው ይራቁ። ሁለተኛው እሳት ነው። የተሰበረ መቆለፊያ የሚበየደው ከክሩ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ሦስተኛው በንዝረት ወይም በእንፋሎት የሚያጥበው ማሽን ነው፤ ለወርቅ ጥሩ ነው፣ ለፐርል ግን አይሆንም።

ዋጋ ሲነገርዎት «ይህ የመቆለፊያው ነው ወይስ የሐብሉ?» ብለው ይጠይቁ። ወርቅ ነጋዴው በግራም የሚገዛ ሰው ነው፤ ፍሬውን ዜሮ ቢያደርገው ማታለሉ ሳይሆን ሥራው ወርቅ ስለሆነ ነው። መቆለፊያውን ነጥለው ከሸጡለት ግን የሐብሉን ዘመንና አሠሪ የሚያሳየውን ማስረጃ አብረው ሸጡት ማለት ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ምንድን ነው?

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው ድምቀቱ ነው። ፍሬውን ከመስኮት ፊት ይያዙት። ፍሬው ላይ የመስኮቱ ፍሬም፣ የራስዎም ምስል ጠርዙ ለይቶ የሚታይ ከሆነ ድምቀቱ ከፍተኛ ነው። ምስሉ ከደበዘዘ መካከለኛ ነው፤ ነጭ ጭጋግ ብቻ ከሆነ እንደ ኖራ ደርቋል፣ ይህ ደግሞ አይመለስም። ከድምቀት ቀጥሎ መጠን፣ ክብነት፣ የገጹ ንጽሕና፣ የናክሩ ውፍረት፣ ቀለምና የፍሬዎቹ መመሳሰል ይመጣሉ።

በመጠን ረገድ ዋጋው በእኩል ደረጃ አይወጣም። አኮያን የሚያበቅለው እንስሳ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ከ8 ሚሊ ሜትር ያለፈ ክብ አኮያ ብርቅ ነው፤ ከ7 ወደ 8 መውጣት ከ5 ወደ 6 ከመውጣት ይልቅ ዋጋውን እጅግ ይጨምራል። መጠኑን ለማወቅ የቶርኖ ቤት ካሊፐር ይበቃል፤ መንጋጋው ብረት ስለሆነ ፍሬውን እንዳይጭረው ሳያጠብቁ ያስነኩት። ትልቁን፣ ትንሹንና መሐከለኛውን ለክተው ይጻፉ። ሻጮች የሚጽፉት «ሦስት ኤ» የመሳሰለው ደረጃ ግን ዓለም አቀፍ መለኪያ የለውም፤ እያንዳንዱ ሻጭ በራሱ ሚዛን የሚሰጠው ነው።

በግምት ስንት ያወጣል?

«ስንት» ከማለት በፊት ለምን እንደሚፈልጉት ይወስኑ። ሱቅ ውስጥ አዲስ ተመሳሳይ ሐብል የሚሸጥበት ዋጋ፣ የኢንሹራንስ ግምትና እርስዎ ሸጠው እጅዎ የሚገባው ገንዘብ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ያገለገለ የእርባታ ፐርል ሲሸጥ ከአዲሱ የሱቅ ዋጋ ግማሽ እንኳ ብዙ ጊዜ አያመጣም። በውጭ ገበያ አርቴፊሻሉ ጥቂት ዶላር፣ ተራው የጣፋጭ ውኃ ፐርል በአሥሮች፣ ደህና ድምቀት ያለው አኮያ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሲያወጣ ይታያል። የሚኪሞቶ ምልክትና ሣጥኑ ወይም ደረሰኙ ያለው ከዚያ ይበልጣል። የላብራቶሪ ወረቀት ያለው የተፈጥሮ ፐርል ብቻውን ሌላ ዓለም ነው።

የዋጋ መዋዠቁን ለማየት አንድ የታወቀ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1917 የፈረንሳዩ ጌጣጌጥ ቤት ካርቲየ ኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ ያለውን ቤት ያገኘው አንድ ሚሊዮን ዶላር በተገመተ ባለ ሁለት መስመር የተፈጥሮ ፐርል ሐብል ለውጦ ነው። ያው ሐብል እ.ኤ.አ. በ1957 በጨረታ የተሸጠው 150 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ በመሐል የእርባታ ፐርል ገበያውን ለውጦታል። ስለዚህ «አያቴ በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ከፍለውበታል» የሚለው ቁጥር ለዛሬው ዋጋ አይሠራም።

ለገዢ ወይም ለገማች ፎቶ ሲልኩ ሐብሉን ሙሉውን ከማስመሪያ ጋር፣ የመቆለፊያውን ፊትና ጀርባ፣ የሁለት ፍሬዎችን ቀዳዳ በቅርበት፣ እንዲሁም የተጎዳውን ቦታ ሳይደብቁ ያንሱ። ሁሉም በቀን ብርሃን ይሁን፤ የስልኩ ፍላሽ ቀለሙን ያሳስታል።

ክሩ አርጅቷል። ከመሸጤ በፊት ላስቀይረው?

በፍሬውና በቋጠሮው መሐል ክፍተት ከታየ፣ ክሩ ከጠቆረ ወይም ከሳሳ ለማጥለቅ አይመችም፤ ይቀየር። ለመሸጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ ያለበትን ሁኔታ ፎቶ ያንሱ፤ የዘመን ጥርጣሬ ያለበትን ሐብልም ሳይነኩ ያስገምቱት። ለባለሙያ ሲሰጡ ፍሬዎቹን ፊት ለፊት ይቁጠሩ፣ ይመዝኑ፣ ቁጥሩና ግራሙ ደረሰኝ ላይ ይስፈር። እያነሰ የሚሄድ ድርድር ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዳይፈርስ ፍሬዎቹ ከአሮጌው ክር ሲወጡ በተርታ ይቀመጡ። የሐር ክር ሆኖ በየፍሬው መሐል ይቋጠር። የዓሣ መንጠቆ ናይለን ድርቅ ስለሚል ሐብሉ አንገት ላይ አይተኛም፤ በናይለን ሳይቋጠር የተሰካ ሐብል ቢበጠስ ደግሞ ፍሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበተናል።

እንዴት ላስቀምጠው?

ፐርል መጨረሻ የሚለበስ፣ መጀመሪያ የሚወልቅ ነው። ሽቶው፣ የፀጉር ስፕሬዩና ቅባቱ ቀድመው ይቀቡና ይድረቁ። ፀጉር ቅቤ ላይ እያለ አያጥልቁት፤ ቅቤው በክሩ ገብቶ ቀዳዳውን ያቢጫዋል። ካወለቁ በኋላ ትንሽ እርጥበት ባለው የጥጥ ጨርቅ ጠርገው፣ በሌላ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ለብቻው ያስተኙት፤ ከተንጠለጠለ ክሩ ይረዝማል። አየር የማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢትና የአዳማ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ የተተወ ቦርሳ ሁለቱም ያደርቁታል። የጥርስ ሳሙና፣ በረኪናና ቤኪንግ ሶዳ አይንኩት። በዕድሜ የመጣ ቢጫነት በማጠብ አይለቅም።

ሦስት እህትማማቾች ነን፤ ፍሬዎቹን ቆጥረን እንካፈል?

ከመቁረጥዎ በፊት ያስገምቱ። የሐብል ዋጋ ትልቁ ክፍል የፍሬዎቹ መመሳሰል ነው፤ ሲከፋፈል የሦስቱ ድርሻ ተደምሮ የሙሉውን ዋጋ አያመጣም፣ እያነሰ የሚሄድ ድርድር ከሆነማ መሐሉ የደረሳት አንዷ ብቻ ትጠቀማለች። አንዷ ሐብሉን ወስዳ ለሌሎቹ በግምቱ መሠረት በብር ማካካስ ይቻላል። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥና ፍሬው እኩል የሆነ ሐብል ግን ሳይጎዳ ይከፈላል፤ ለአንድ አንገት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚበቃ 120 ሳንቲ ሜትር ያለው ሦስት አጫጭር ሐብል ይወጣዋል፣ የሚጨመረው ሁለት መቆለፊያና አዲስ ክር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መቆለፊያ ማን እንደምትወስድ አስቀድመው ይስማሙ።